ብርድ ነው፣ ጫጫ ስትደርስ ይተውሃል

ሥራ ያቆምኩት ደክሞኝ አይደለም። ይህን አስቀድሜ ልናገር፤ ደብረ ብርሃን ላይ «ታደለ አረጀ፣ ጋራዡን ጥሎ ቤቱ ገባ» እየተባለ ይወራልና። ማነው ያረጀው? ያረጁት ጣቶቼ ናቸው። ስኳር በሽታ ከእግር ይጀምራል ሲባል እሰማ ነበር፤ እኔን ግን ከእጄ ጀመረኝ። አንድ ቀን ጠዋት የጎማ ቸርኬ ጠርዝ እየዳሰስኩ፣ ብረቱ መጣመሙን ዓይኔ ያያል፣ ጣቴ ግን ምንም አይለኝም። በግራ እጄ ሞከርኩ። እሱም ዝም። እጄን በናፍጣ ታጠብኩ፣ ቱታዬን አውልቄ ምስማሩ ላይ ሰቀልኩና ለወንድሜ ልጅ «በል፣ ከዛሬ ጀምሮ ያንተ ነው» አልኩት። ቀልድ መስሎት ሳቀ።

ማሽን አለ እኮ ይሉኛል። አዎ አለ። ጎማውን ስትሰቅልለት ያዞረውና ቁጥር ያወጣልሃል፤ እዚህ ጋ ይህን ያህል እርሳስ ለጥፍ ይልሃል። ማሽን አልጠላም። ግን ማሽን የሚነግርህ ስለሰቀልክለት ነገር ብቻ ነው፤ ስላልሰቀልክለት አያውቅም። ይቺን ነገር እኔ የተማርኳት በሰው እግር ነው። እደርስበታለሁ፣ ቆዩኝ።

ዕድሜዬን የፈጀሁት በአንድ ነገር ላይ ነው ብል ውሸት አይሆንብኝም፤ መሪ ለምን ይንቀጠቀጣል የሚለው ላይ። መኪናው ከተማ ውስጥ ደህና ነው። አስፋልት ላይ ወጥቶ ሰማንያ፣ ዘጠና ሲገባ መሪው በሹፌሩ እጅ ውስጥ ወባ እንደያዘው ሰው መንዘፍዘፍ ይጀምራል። ፍጥነት ሲቀንስ ይተዋል። ሹፌሩም ይረሳዋል። መካኒክ ጋ ሲደርስ ደግሞ መኪናው ቆሟል፣ የቆመ መኪና አይንቀጠቀጥም። እንግዲህ ፈልግ ተብለህ የምትሰጠው በሽታ እንዲህ ያለ ነው።

ይህን ሥራ ያስተማረኝ ጋሽ እንድሪስ ነው፣ የአሊዩ አምባ ሰው። አባቱ ከበረሃ ጨው በግመል እያስመጣ የሚነግድ ሰው ነበር። ጋሽ እንድሪስ ግን ዳገቱን ወጥቶ፣ አንኮበር መንገድ ላይ ከነበረው የመንገድ ሥራ ካምፕ ገብቶ የጋራዥ ኃላፊ ሆነ። እኔ ግራሶ ቀቢ ሆኜ ስቀጠር እሱ ጢሙ ሸብቶ ነበር። ጮሆ አያውቅም። ክሪክ ከመኪና ሥር ሲያስገባ «ቢስሚላህ» ይላል፣ ጎማ ከመንካቱ በፊት እጁን በሳሙና ይታጠባል። እኛ እንስቅበት ነበር። የቆሸሸ ጎማ ሊነካ እጁን የሚታጠብ ሰው!

«ግራሶ ያለበት ጣት አይሰማም» አለኝ አንድ ቀን፣ ስስቅ አይቶኝ። «አንተ በዓይንህ ነው የምታየው። ጎማ በዓይን አይታይም።»

ሌላም ነገር ነበረው። ሹፌር «መሪዬ ይንቀጠቀጣል» ብሎ ሲመጣ፣ ጋሽ እንድሪስ መኪናውን አያይም። ሹፌሩን ክንዱን ይይዝና ከነዳጁ በርሜሎች ጀርባ ይወስደዋል። ከዚያ የሚጠይቀው ሁለት ነገር ነው። «በእጅህ ነው የሚሰማህ በመቀመጫህ?» በእጅ ከሆነ ችግሩ ከፊት ነው፤ በመቀመጫ ከሆነ ከኋላ። ይቺን ማንም መካኒክ ያውቃታል። ሁለተኛዋ ግን የእሱ ብቻ ነበረች፦ «ምን ጨመርክበት?»

ለምን ከበርሜል ጀርባ እንደሚወስዳቸው አልገባኝም ነበር። አንድ ቀን አንድ የገልባጭ መኪና ሹፌር በአለቃችን ፊት «ምንም አልነካሁም፣ በእግዜር ስም» ብሎ ማለ። ጋሽ እንድሪስ ወደ በርሜሎቹ ወሰደው። ሲመለሱ ሹፌሩ አንገቱን ደፍቷል። ለካ ኩርባው ላይ ድንጋይ ገጭቶ፣ ቸርኬው ተቆልምሞበት፣ በመዶሻ ቀጥቅጦ መልሶ ገጥሞታል። ጋሽ እንድሪስ ለአለቃው «ቸርኬ አርጅቶ ነው፣ እንቀይራለን» ብሎ አለፈው።

«ሰው ሐኪም ፊት ይራቆታል፣ መካኒክ ፊት ግን ይለብሳል» አለኝ በኋላ። «ያፍራል። በሰው ፊት ከጠየቅኸው ይዋሽሃል፤ የዋሸህ ሰው ደግሞ መኪናው ይገድለዋል። አባቴ ግመል ሲያነክስበት መጀመሪያ የሚያየው እግሩን አልነበረም፣ ጭነቱን ነው። ምን ጨመሩበት ብሎ።»

በጆሮዬ ሰማሁት። እንዲያው በጆሮዬ ብቻ ነው የሰማሁት።

የጠመኔዋንም ነገር ልንገራችሁ፣ በኋላ ትመጣለች። ጎማው መኪናው ላይ እንደተገጠመ በክሪክ ያነሳዋል፣ በእጁ ያሽከረክረዋል፣ ጠመኔ ይዞ ከጎማው ዳር አስጠግቶ ሳይንቀሳቀስ ይቆማል። ጎማው መሃሉን ጠብቆ የሚዞር ከሆነ ጠመኔዋ ዙሪያውን እኩል ትቀባለች። ከመሃል ከወጣ አንዱን በኩል ብቻ ትነካዋለች። በቃ፣ ይኸው ነው። የጎማውን ዳዶ ሲያጠብቅም ጎማው አየር ላይ እንዳለ ነው፣ አንዱን ከላይ፣ ቀጥሎ ተቃራኒውን ከታች፣ እያፈራረቀ። መሬት አውርዶ የሚያጠብቅ ካየ ቁልፉን ከእጁ ይቀበለዋል። «ጎማ ቆሞ አይታሰርም» ይላል።

ከዚያ ካምፕ ወደ እነዋሪ ተዛወርኩ። አለቃዬ ጠዋት ጠዋት ከሠራተኛው በፊት ክሪክ የሚቆጥር ሰው ነበር፤ ሰው ቢጠፋ ይመጣል፣ ክሪክ ከጠፋ ግን አይመጣም ባይ ነው። ደመወዙ ከወር ወር አያደርስም፤ ያም ሆኖ ተከበርኩ። የተከበርኩት በጅሩ ጭቃ ነው። አንድ የእህል ነጋዴ መኪና ክረምት በገባ ቁጥር ይንቀጠቀጣል፣ በጋ ሲሆን ይተዋል። አዲስ አበባ ድረስ ወስደውት ምንም አላገኙለትም። እኔ ጎማውን አወረድኩና ከቸርኬው ውስጠኛ በኩል እጄን አስገባሁ። ያ ጥቁር መረሬ አፈር ውስጥ ለውስጥ በአንድ ጎን ተጋግሮ ደርቋል፣ ድንጋይ ሆኗል። በቁራጭ ብረት ፋቅኩት፣ ታምሞ እንደ ተነሳ ሰው ሆነ መኪናው። ነጋዴው ሙክት ነዳልኝ። ከዚያ ወዲያ በሞረትና ጅሩ መሪ የተንቀጠቀጠበት ሁሉ «ታደለን ጥሩ» ሆነ። እኔም ምን ልበላችሁ፣ ልቤ አበጠ።

ልቤ እንዳበጠ ደብረ ብርሃን ገባሁ፣ አስፋልቱ ዳር የራሴን ቤት ከፈትኩ።

የደብረ ብርሃን ብርድ እንዴት እንደሆነ ለሚያውቅ አይነገረውም። ጎማ ሌሊቱን በዚያ ብርድ አንድ ቦታ ቆሞ ሲያድር መሬት የነካው በኩል ጠፍጠፍ ብሎ ይደርቃል። ጠዋት አስፋልት ላይ ሲወጣ መሪው ይንቀጠቀጣል። ትንሽ ሲሄድ ጎማው ይሞቃል፣ ክብ ይሆናል፣ መንቀጥቀጡ ይጠፋል። እውነተኛ ነገር ነው። እና ማልደው እያለከለኩ ለሚመጡ ሹፌሮች «ብርድ ነው፣ ጫጫ ስትደርስ ይተውሃል» እላቸዋለሁ። ጫጫ በአዲስ አበባ መንገድ ላይ ያለች ትንሽ ከተማ ናት፤ እዚያ ሲደርሱ ይተዋቸዋል። ሲመለሱ ያደንቁኛል፣ ጥሩንባ ነፍተው ያልፋሉ። ስሜን ራሱ ለወጡት፤ «ታደለ ብርዱ» አሉኝ። እኔም ደስ አለኝ። አባባሏ ከኔ ቤት ወጥታ መናኸሪያ ገባች፣ ከመናኸሪያ ሌሎቹ ጋራዦች ገባች። አንዳንዱ መካኒክ መኪና ሳያይ፣ ገና ከሩቅ፣ «ብርድ ነው!» ማለት ጀመረ። እኛ ከተማ ካልሆነ በቀር እንዲህ ያለ ምርመራ የት ይገኛል?

እንግዲህ ጀማል።

ጀማል የጋሽ እንድሪስ የመጨረሻ ልጅ ነው። ካምፕ እያለን አባቱ ትከሻ ላይ ሆኖ «ጋሼ» ሲለኝ ያደገ ልጅ። ጎልማሳ ሆኖ ፒክአፕ ገዛ። ከአሊዩ አምባ ሽንኩርት እየጫነ፣ አንኮበርን ወጥቶ፣ በደብረ ብርሃን አድርጎ አዲስ አበባ ያደርሳል። የልጁ ሕልሙ መንዳት ነበር፤ ከመሪ በቀር ምንም አይታየውም። እናቱ «ሚስትህ መኪናዋ ናት ወይ?» ትለው ነበር ይባላል። ቁልቁለቱ ደግሞ መጥፎ ነው፣ ድንጋዩ ከታች ይመታል። ስለዚህ መኪናዋን ከፍ አደረጋት። ባሌስትራ ጨመረ፣ ሰፋፊ ጎማ ገጠመ፣ ጎማዎቹ ከጭቃ መከላከያው፣ ከፓራፋንጎው፣ ውጭ ወጥተው ቆሙ። ጋሽ እንድሪስ በዚያን ጊዜ ጡረታ ወጥቶ አሊዩ አምባ ቁጭ ብሏል።

ይቺን መኪና መጀመሪያ ያመጣት እኔ ጋ ነው። ሊያሳየኝ። አሳጥቧት፣ አብረቅርቃ። ጋራዡ በር ላይ የመናኸሪያ ሹፌሮች ተኮልኩለው ነበር። ጀማል ወረደና «ጋሼ፣ እንዴት ናት?» አለኝ፣ ፈገግ ብሎ።

እኔስ ምን አልኩ? ሹፌሮቹ እንዲስቁልኝ ፈለግሁ። «ይቺ መኪና ናት ወይስ ሰርግ የተጠራች ግመል?» አልኩት።

ሳቁ ጋራዡን ሞላው። እኔ ደግሞ ሳቅ ሲያገኝ የማያቆም ሰው ነኝ። «አባትህ እኮ መካኒክ ነው፣ ይኼን ቢያይ ያፍርብህ ነበር» ብዬ ጨመርኩበት። ግመል ማለት ለነጀማል ቤት የአያት እንጀራ ነው፤ ስድብ አልነበረም። ስድብ ያደረግሁት እኔ ነኝ። ጀማል ፈገግታው ፊቱ ላይ ቀርቶ ዓይኑ ብቻ ጠፋ። «እሺ ጋሼ» ብሎ መኪናውን አስነስቶ ሄደ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሹፌሮቹ «ግመሉ» ብለው ጠሩት።

ጥቂት ሳምንት ቆይቶ በጋሪ መጣ። አዎ፣ በፈረስ ጋሪ። ሁለቱን የፊት ጎማዎች ከነቸርኬያቸው አውልቆ ጋሪ ላይ ጭኖ።

«ጋሼ፣ ባላንስ ሥራልኝ» አለ።

«መኪናዋስ?»

«ያረፍኩበት ቤት ቆማለች። ጭነት አለባት።»

«ምን ትላለች?»

«ሰማንያ ሲያልፍ መሪው ይንቀጠቀጣል።»

ያን ጊዜ አንዱ ሹፌር ከበሩ ላይ «ግመሉ እግሩን አውልቆ ይዞ መጣ!» ብሎ ጮኸ። ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ይህን ሳቅ ዛሬ እዚህ ላይ ባልጽፈው ደስ ባለኝ።

ጎማዎቹን ማሽኑ ላይ ሰቀልኳቸው። ትንሽ ጉድለት ነበረባቸው፣ እርሳስ ለጠፍኩ፣ ደግሜ አዞርኩ። ንጹሕ ሆኑ። ቸርኬውንም በጣቴ ዳሰስኩት፤ ጣቴ ያን ጊዜ ይሰማ ነበር። እንከን የለም። እጄን ግን አልታጠብኩም፣ ክንዱንም ይዤ ከበርሜል ጀርባ አልወሰድኩትም። «ምን ጨመርክበት?» አላልኩትም። መኪናዋን ለምን እንዳላመጣ አልጠየቅሁትም፤ መጠየቅ አላስፈለገኝም፣ እንዳይሳቅባት መሆኑን አውቀው ነበርና።

«ጎማህ ደህና ነው» አልኩት። «ብርድ ነው፣ ጫጫ ስትደርስ ይተውሃል።»

ጀማል ጎማዎቹን ወደ ጋሪው ከጫነ በኋላ ተመለሰ። «ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ...» አለና ቀና ብሎ በሩ ላይ ያሉትን ሰዎች አየ። እነሱም አዩት። «ተወው፣ ግድ የለም» አለ። ጋሪው ላይ ወጥቶ ሄደ። ፈረሱ አስፋልቱ ላይ ኮቴውን እያንኳኳ ሲርቅ ድምፁ እስካሁን ከጆሮዬ አይወጣም።

ከጫጫ አለፍ ብሎ፣ ሜዳው ላይ፣ መንገዱ ቀጥ የሚልበት ቦታ አለ። ሹፌር ሁሉ እዚያ ነው የሚለቀው። ጀማልም እዚያ ለቀቃት። የፊት ግራ ጎማው ተነቅሎ ብቻውን ወደ እርሻው ሮጠ፣ መኪናዋ ተገለበጠች። ረዳት አልያዘም ነበር፣ ብቻውን ነው። ሰው ሲጠራኝ በሌላ መኪና ደረስኩ። ሽንኩርቱ አስፋልቱን ሞልቶታል፣ ጀማልን ወስደውታል። ለእኔ የቀረችልኝ መኪናዋ ነበረች።

ተንበርክኬ አየሁ። ጎማው የሚታሰርባቸው ቡሎኖች ከሥራቸው ተቆርጠዋል። ጎማውና ሞዞው መካከል፣ ሞዞ ማለት ጎማው የሚቀመጥበት የብረት እምብርት ነው፣ በመካከላቸው አንድ ወፍራም ክብ ብረት ገብቶ ኖሯል፤ አጠገቧ ወድቆ አገኘሁትና ያዝኩት። ጎማው ወደ ውጭ ወጥቶ እንዲያምር ቶርኖ ቤት ያስቀረጹት። ስፔሰር ይሉታል። አጭሩ ነገር ይህ ነው፦ የመሃል ቀዳዳው እምብርቱ ላይ ልክክ ብሎ መቀመጥ ሲገባው የቀረጸው ሰው ሰፋ አድርጎታል። እምብርቱ ጎማውን አልያዘውም፤ የያዙት ቡሎኖቹ ብቻ ናቸው። ጎማው ከመሃል በጥፍር ስፋት ወጥቶ ይዞራል። ቀስ ሲል አይታወቅም፣ ሰማንያ ሲገባ መሪውን ያንቀጠቅጠዋል፣ በተንቀጠቀጠ ቁጥር ዳዶው ይላላል፣ ቡሎኑ ይደክማል። ብረቱ መኪናዋ ላይ ነበር የቀረው፤ ጋሪው ላይ አልተጫነም። ማሽኔም እኔም ያላየነው እሱን ነው። መኪናዋ ብትመጣ አንድ ጊዜ ክሪክ ላይ አንስቼ ባሽከረክራት ጠመኔዋ ትናገር ነበር። ለመናገር ምንም አይፈጅባትም ነበር።

ቀኝ እግሩ ነው፣ ከጉልበቱ በታች። አዲስ አበባ ወስደው ቆረጡለት። የፍሬንና የነዳጅ እግሩ።

ጋሽ እንድሪስ ከልጁ ጋር ሰንብቶ ሲመለስ ቀጥታ ጋራዤ መጣ። በሩ ላይ ያሉት ሹፌሮች ሲያዩት አንድ በአንድ ተነስተው ሄዱ። እኔ ይጮህብኛል ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር፤ እንዲጮህብኝም ለምኜ ነበር በልቤ። እሱ ግን «ብረቱን አምጣልኝ» አለ። ሰጠሁት። እጁን ታጠበ። አውራ ጣቱን በመሃል ቀዳዳው አስገብቶ ዙሪያውን ዳሰሰ። ብዙ ጊዜ ዳሰሰው።

«ሰፍቷል» አለ።

«ሰፍቷል ጋሽ እንድሪስ።»

«ቀደር ነው። አላህ የጻፈውን እኔና አንተ አንፍቀውም።» ብረቱን መደርደሪያው ላይ መልሶ አስቀመጠ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ እንደ ድሮው፣ «ለብቻው ጠይቀኸው ነበር?» አለኝ።

«አልጠየቅሁትም።»

ራሱን ነቀነቀና እጁን እንደገና ታጥቦ ሄደ። በመካከላችን ሽማግሌ አልገባም፣ ካሳም አልተነሳም፤ ጀማል ራሱ «ጋሼ ምን አደረገ፣ ብረቱን ያስገባሁት እኔ ነኝ» ብሎ ዘጋው። ጋሽ እንድሪስም እስኪሞት ድረስ በበዓል በበዓሉ ሙዝና ፓፓያ ይልክልኝ ነበር። ባይልክልኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ብዙ ሠራሁ። ብቻውን የመጣ ጎማ አልቀበልም አልኩ፤ መኪናው ካልመጣ ወደ ሌላ ሂዱ። ሹፌር ሲመጣ ወደ ጓሮ እወስደዋለሁ፣ እጠይቀዋለሁ። ስንቱ ነገረኝ መሰላችሁ! የተበየደ ቸርኬ፣ የታጠፈ የመሪ ቲራንቴ፣ ከወደቀ መኪና የተነቀለ ሞዞ። ያዳንኩት አይጠፋም ይሆናል። ነገር ግን የዳነ ሰው መዳኑን አያውቅም፣ እኔም አላውቀውም። የማውቀው አንዱን ነው። አስተማሪዬ የተከለብኝን ነገር ያበቀልኩት ልጁን ካስበላሁ በኋላ ነው፤ ምን ዋጋ አለው? «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚሉት ይህ አይደል?

ጀማል ዛሬ ደብረ ብርሃን ገበያ ላይ ሽንኩርት ይሸጣል፣ በሰው መኪና የመጣ ሽንኩርት። ሰው ሠራሽ እግሩን ለማስተካከል አዲስ አበባ ይሄዳል፣ እኔም ለስኳሬ። ባለፈው ቀጠሯችን ገጠመና አብረን ሄድን። ስንመለስ ሚኒባስ ያዝን። እግሩን እንዲዘረጋ ብሎ ሹፌሩ ጋቢና አስገባን፣ እኔ መሃል፣ ጀማል በመስኮቱ በኩል። ሹፌሩ ጎረምሳ ነው፣ ተጫዋች፣ መኪናውን አሽቀርቅሯታል፤ ቸርኬው ሲያብረቀርቅ ዓይን ይወጋል።

ከተማውን ወጥተን መንገዱ ሲቀና ለቀቃት። ጀማል በክርኑ ነካ አደረገኝ። «ጋሼ» አለኝ በሹክሹክታ፣ «እጁን እየው።»

አየሁ። መሪው ላይ ያለው የልጁ እጅ ይንቀጠቀጣል። ዳሽቦርዱን በመዳፌ ያዝኩት፣ ይህ የፈረደበት ጣቴ ምንም አላለኝም። ጀማል ግን በእጁ ሳይይዘው አውቆታል። ፊቱ አመድ መሰለ።

ከኋላ የተቀመጡ አንዲት እናት «ልጄ፣ ምንድነው የሚንቀጠቀጠው?» አሉ።

«ብርድ ነው እማማ!» አለ ልጁ እየሳቀ። «ጫጫ ስንደርስ ይተዋል!»

ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። ከቀትር በኋላ ነው። ተሳፋሪው መስኮት ከፍቶ በጋዜጣ ያራግባል። እናትየዋ «በዚህ ፀሐይ ምን ብርድ አለ?» ሲሉ ልጁ «የደብረ ብርሃን ብርድ አጥንት ውስጥ ነው የሚገባው! የኛ አገር መካኒክ ሁሉ የሚለው ነው፣ ማንን ብትጠይቂ ይነግርሻል» አለ። ሁሉም ሳቀ። ታደለ ብርዱ አጠገቡ መቀመጡን አያውቅም። ጀማል አላየኝም፤ መንገዱን ነበር የሚያየው።

ድሮ ቢሆን እጮህበት ነበር። «አንተ ደደብ፣ አቁም!» እለው ነበር፣ በሰው ፊት። ምላሴ ላይ ደርሳ ነበር። ዋጥኳት።

«ልጄ» አልኩት፣ «ስኳር አለብኝ፣ ሽንቴ መጣ። እባክህ አንድ ጊዜ አቁምልኝ።»

«ችግር የለም ፋዘር» ብሎ ዳር ያዘ። ስወርድ እግሬ የከዳኝ መስዬ «ደግፈኝ እስቲ» አልኩት። ክንዴን ያዘኝ፣ እኔም ክንዱን ያዝኩት። ከመኪናው ጀርባ አልፈን፣ ተሳፋሪ የማይሰማበት ቦታ ድረስ ወሰድኩት።

«መኪናህ ታምራለች» አልኩት። «እዚህ ማንም አይሰማንም፣ እኔም ድሮ መካኒክ ነበርኩ። ከገዛሃት ወዲህ ምን ጨመርክላት?»

ልጁ አንድ ጊዜ ወደ ኋላ ዞሮ መስኮቶቹን አየ። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ «ቸርኬውን ቀይሬያለሁ» አለኝ። «ከውስጥ ደግሞ ወደ ውጭ የሚያወጣ ብረት አስገብቼበታለሁ። ቶርኖ ቤት ነው ያሠራሁት። ምነው ፋዘር፣ ችግር አለው?»

ቁልፍ አምጥተህ የፊት ዳዶዎቹን ሞክራቸው አልኩት። የመጀመሪያው ያለ ጉልበት ዞረ። ልጁ ቀና ብሎ አየኝ፣ ከንፈሩ ደርቋል። ተሳፋሪውን አውርድ፣ ሌላ መኪና ለምንላቸው፣ አንተም ጎማውን በክሪክ አንስተህ ዳዶዎቹን ታጠብቅና ከዚህ ቀስ እያልክ ጫጫ ድረስ ባዶዋን ትወስዳታለህ፣ እዚያ ያን ብረት ታወጣዋለህ አልኩት። «እሺ» አለ። አንድ ቃል አልተከራከረም።

ጀማል ወርዶ በሩን ተደግፎ ቆሟል። ሰው ሠራሽ እግሩን ጠጠሩ ላይ እያመቻቸ ጠበቀኝ። ምን እንዳወራን አልሰማም፣ ከሩቅ ግን አይቶናል።

«ነገረህ?» አለኝ።

«ነገረኝ።»

«ወዲያው?»

«ወዲያው።»

ጀማል ፊቱን ወደ ስንዴው እርሻ አዞረ። ሌላ መኪና መጥቶ እስኪጭነን ድረስ ወደዚያው አየ።